የአባቴን የመርከበኛ ደብተር ለሙዚየም ስሰጥ የተሳሳትኩት

አባቴ በኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ከኦይለርነት፣ ማለትም ሞተር ዘይት ከሚያጠጣ ሠራተኛነት፣ ተነሥተው እስከ ሦስተኛ መሐንዲስነት የደረሱ ሰው ነበሩ። ካረፉ በኋላ መርከበኞች ሲማን ቡክ የሚሉትን ደብተራቸውን፣ ከየመርከቡ ሲሰናበቱ የተሰጧቸውን የአገልግሎት ወረቀቶችና 14 ፎቶግራፎች፣ የንግድ መርከበኞችን ታሪክ ለሚዘክር አንድ የአሜሪካ የባሕር ሙዚየም ሰጠሁ። መስጠቴ አይቆጨኝም፤ የሰጠሁበት መንገድ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እንዲህ ያለ ሣጥን ቁም ሣጥን ላይ ያስቀመጡ ልጆች እንዳሉ ስለማውቅ፣ ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገራቸው ብዬ ነው የጻፍኩት።

ሐሳቡ የመጣልኝ ባልቲሞር ላይ ነው። እዚያ ሙዚየም ሆና የተቀመጠችው «ጆን ደብሊው ብራውን» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተሠሩት 2,710 «ሊበርቲ» የተባሉ የጭነት መርከቦች አንዷ ስትሆን፣ ውሃ ላይ የወረደችውም እዚያው ባልቲሞር በመስከረም 1942 እ.ኤ.አ. ነው። አባቴ በሕይወት ሳሉ በአንዱ የቀን ጉዞዋ አብረን ተሳፍረን ነበር። ሞተር ክፍል ስንወርድ፣ 2,500 የፈረስ ጉልበት ያለው የእንፋሎት ሞተር ፊት ለፊት ተገልጦ ይሽከረከራል፤ ኦይለሩ ደግሞ ክራንክ ከሚባለው የሚዞር ጠማማ ዘንግ ጋር እጁን እኩል እያስኬደ፣ መጋጠሚያው መጋል አለመጋሉን በመዳፉ ይፈትሻል። የአባቴ ዕድሜ ያለቀው በናፍጣ ሞተር ላይ ስለነበር ክራንኩን በእጅ መንካት አያውቁም። ሆኖም መዳፋቸውን ዘርግተው «እኛ ክራንኩን የሸፈነውን የክራንክ ኬዙን በር ነበር የምንዳብሰው፤ ከቴርሞሜትሩ በፊት እጅ ያውቃል» አሉኝ። በጎ ፈቃደኛው አስጎብኚ በዚያ ጦርነት ጭነት ሲያመላልሱ የነበሩት አሜሪካውያን የንግድ መርከበኞች እንደ ጦር አገልጋይ የተቆጠሩት ከፍርድ ቤት ክርክር በኋላ በ1988 እ.ኤ.አ. መሆኑን ሲነግረን፣ አባቴ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው «ለካ እነሱንም» አሉ። ወረቀታቸው ከእነዚህ ሰዎች ታሪክ አጠገብ መቀመጥ አለበት ብዬ የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው።

ሙዚየሙን ማግኘት፣ በስልክ ፈቃደኝነታቸውን መጠየቅ፣ ሁሉንም ስካን አድርጎ አሲድ በሌለው ፖስታ ማሸግ የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር፤ ምንም አላስቸገረኝም።

ጥፋቱ የተፈጸመው ሣጥኑን ባስረከብኩበት ቀን ነው። የቅርስ መዝጋቢዋ ስብሰባ ላይ ናት ተባልኩና እንግዳ መቀበያው ላይ ለነበረው ሠራተኛ ሰጠሁት። ደረሰኝ አልጠየቅሁም። የሞላሁት ቅጽ ለስም ሦስት ሣጥኖች ነበሩት፤ የመጨረሻው «የቤተሰብ ስም» ይላል። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም እንደሌለው ማስረዳት ሲገባኝ፣ የአያታቸውን ስም አስገብቼ አለፍኩ። ከቅጹ ግርጌ «ቀኖችን በሰነዱ ላይ እንዳሉ ይጻፉ፣ ቀሪውን ባለሙያዎቻችን ይሠሩታል» የሚል መመሪያ ነበር፤ እሱንም ቃል በቃል ፈጸምኩ።

ከ11 ወር በኋላ የሙዚየሙን ማውጫ ስመለከት አባቴ ሁለት ሰው ሆነዋል። ደብተሩ በአያታቸው ስም፣ የአገልግሎት ወረቀቶቹ ደግሞ ሌላ የላቲን አጻጻፍ ባለው በአባታቸው ስም ተመዝግበዋል። ይህ አናዶኝ ነበር፤ የባሰው ግን ቀኑ ነው። አሰብ ላይ የተመታው የአማርኛ ማኅተም «ጥር 20 ቀን 1970» ይላል። የሙዚየሙ መመዝገቢያ ካርድ ላይ የሰፈረው «ጃንዋሪ 1970» ነበር።

የእኛ ጥር 20 ቀን 1970 በአውሮፓውያኑ ጃንዋሪ 28 ቀን 1978 ነው። ስምንት ዓመት ቀላል ስሕተት የሚመስለው ሰው ያኔ የነበረውን ያስታውስ። ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ላይ ነበርን፣ የጅቡቲው ባቡር መሥመር ተቆርጧል፣ ምጽዋ ተከባለች፤ ለአገሪቱ የቀረው መግቢያ በዋናነት አሰብ ነበር። አባቴ በዚያ ወር አሰብ የገቡት በዚያ ጭንቅ መካከል ነው። ካርዱ ግን በንጉሡ ዘመን ሰላም ወደ ነበረ ወደብ የገባ ተራ መርከበኛ አደረጋቸው። «ለካ እነሱንም» ያሉትን ሰው እኔው በገዛ እጄ ወስጄ ከቁጥር አስወጣኋቸው።

እንዲታረም ስጽፍ «እኛ የምንመዘግበው ሰነዱ ላይ ያለውን ነው» የሚል መልስ መጣ። የተረጋገጠ ትርጉም አምጣ ተባልኩ፤ ከፍዬ አመጣሁ። የዘመን አቆጣጠር ልዩነቱን የሚያስረዳ ደብዳቤ ጨምር ተባልኩ፤ ጨመርኩ። ሰባት ወር እንዲህ አለፈ። ማስረጃው ግን ከመጀመሪያው እዚያው ገጽ ላይ ነበር። ከአሰቡ ማኅተም ከፍ ብሎ የደበዘዘ ሰማያዊ የሮተርዳም ማኅተም አለ፤ ቀኑ ጃንዋሪ 3 ቀን 1978 ይላል። ከዚያ እስከ አሰቡ ማኅተም 25 ቀን ነው። የስዊዝ ቦይ ከ1967 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ተዘግቶ ስለነበር፣ ካርዱ እንደሚለው በአውሮፓውያኑ 1970 ቢሆን ኖሮ ከሮተርዳም የተነሣ የጭነት መርከብ አፍሪካን በሙሉ ዞሮ በ25 ቀን አሰብ መድረስ ይከብደው ነበር። ይህን ለመዝጋቢዋ በስልክ ሳስረዳት ወዲያው ገባት። ገጹን ስካን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ሰማያዊውን ማኅተም አላየሁትም ማለት አልችልም፣ አላነበብኩትም እንጂ።

ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው። መዝጋቢውን በአካል ሳታገኙ ሣጥኑን ከእጃችሁ አትልቀቁ፤ ስብሰባ ላይ ከሆነ ሌላ ቀን ተመለሱ። እያንዳንዱ ወረቀት በቁጥር የተዘረዘረበትና የተፈረመበት ደረሰኝ ያዙ። የስጦታ ውሉን ከፈረማችሁ በኋላ ንብረቱ የእነሱ ነውና፣ ዋናውን ሁሉ ስጡን ቢሉም እንኳ ከሁሉ የምትሳሱለትን አንድ ነገር አስቀሩ። ቀኑን በሰነዱ እንዳለ ጻፉ የሚለውን መመሪያ ተዉት፤ በተያያዘ ወረቀት በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ስሙንም እስከ አያት በአንድ መሥመር አስፍራችሁ፣ ተከፍሎ እንዳይመዘገብ ከሥሩ አስታውሱ።

ፎቶግራፎቹን በተመለከተ መፍትሔ የሌለው ጸጸት አለብኝ። ከ14ቱ ውስጥ ስማቸው የታወቀ ሰዎች ያሉባቸው 5 ብቻ ናቸው። አባቴ ሳሉ አንድ ከሰዓት ቡና አፍልቼ፣ ለስላሳ እርሳስ ይዤ አጠገባቸው ብቀመጥ ኖሮ ሁሉንም ይነግሩኝ ነበር።

አሁን ሁለቱ ካርዶች አንድ ሆነዋል፤ ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፏል። የ9ኙን ፎቶግራፎች ቅጂ ለአባቴ የሥራ ባልደረቦች ልኬ ነበር። አንደኛው ባለፈው ወር ደውለው፣ ከአባቴ ጎን በክራንክ ኬዙ በር ላይ መዳፉን አሳርፎ የቆመው ወጣት ራሳቸው መሆናቸውን ነገሩኝ። ሙሉ ስማቸውን እስከ አያት ጽፌ ለመዝጋቢዋ ሰጥቻለሁ፤ የፈረመችበት ደረሰኝም እጄ ላይ ነው።