ፍራሿን ያወጣላት አምላክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እግዚአብሔር በልጄ ላይ ያደረገውን ቸርነት፣ የቁልቢው ገብርኤልም ልመናዬን እንዴት እንዳደረሰልኝ ልመሰክር ነው። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

የድሬዳዋ ሰው ነኝ። ወልጄ ከብጄ የምኖረው ከዚራ ሰፈር ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጉልበቱን ሁሉ በምድር ባቡር የጨረሰ ሰው ነበር። ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ ያለውን መስመር እንደ ጓዳው ያውቀዋል። የመጨረሻዋ ልጃችን መምህርት ሆና በአፋር ክልል፣ ገቢ ረሱ ዞን፣ አዋሽ ፈንታሌ ወረዳ ስትመደብ ሌላው ዘመድ «ምነው እዚያ በረሃ!» ሲል እኔ ግን ደስ አለኝ። አባቷ የተመላለሰበት አገር ነው፤ የእሱ ጥላ ያርፍባታል ብዬ።

እኛ ድሬዎች የምንፈራው ውኃ ነው። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ጠርጎ ከወሰደብን ወዲህ፣ ከበላይ በሐረርጌ ደጋ ሰማዩ ከጠቆረ እዚህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ከተማችን በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ የተቀመጠች መሆኗን ልጆቻችን በትምህርት ቤት ይማሩታል፤ እኛ ግን መሬት ከእግራችን ሥር ትከዳናለች ብለን አስበን አናውቅም። ከእናቴም ከአያቴም አንድ ቀን እንኳን የመሬት መንቀጥቀጥ ወሬ አልሰማሁም።

ወሬው የመጣው ከልጄ ነው። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ ትምህርት ሊጀመር ሲል ደወለችና «እማዬ፣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል» አለችኝ። መጀመሪያ ከባድ መኪና ያለፈ መስሏት ነበር። መስከረም 26 ቀን የደረሰው አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ፎቅ ላይ የነበሩ ሰዎች እየሮጡ ሲወርዱ በቴሌቪዥን አየን። የዘርፉ ምሁራን በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል፣ ከመሬት በታች ቅልጥ አለት መንገድ እየከፈተ ወደ ላይ እየገፋ ነው፣ የሚያናውጠው እሱ ነው ብለው አስረዱ። ለእኔ ግን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄ የምትተኛው በዚያ እሳት ላይ ነው።

ጥቂት ጋብ ብሎ፣ ታኅሣሥ ላይ እንደገና ተነሣ። በዚህ ጊዜ አላባራ አለ። ልጄ በስልክ እያወራችኝ «ቆይ እማዬ!» ብላ ዝም ትላለች፤ ከዚያ «አለፈ» ትለኛለች። ያቺ ዝምታ ምን ያህል እንደምትረዝም እናት የሆነ ያውቀዋል።

ታኅሣሥ 19 ቀን እንደ ልማዴ ቁልቢ ወጣሁ። የድሬን ሙቀት ለምደን የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ግን ሕዝቡ ሌሊቱን ሙሉ ይጎርፋል። ባዶ እግሩን የሚሄድ አለ፣ ልጁን አዝሎ ስለቱን የሚያስገባ አለ፣ ሙስሊም ሆኖ «ገብርኤል ሰምቶኛል» ብሎ ጧፍ ይዞ የሚመጣ አለ። ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ በስለታቸው ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ፣ ከመሠረቱ የስለት ቤት ነው። እኔም ከሕዝቡ መካከል ተንበርክኬ «አንተ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ መልአክ፣ ያቺን ምድር አቁምልኝ፤ ልጄን በሰላም ብታመጣልኝ ጥላ አስገባለሁ፣ ስምህንም በሕዝብ ፊት እመሰክራለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ልቤ ቀለለኝ፤ ሰምቶኛል ብዬ ወረድኩ።

ምድሪቱ ግን አልቆመችም። እንዲያውም ባሰባት። ከቁልቢ በተመለስኩበት ሳምንት ልጄ በደወለች ቁጥር ድምጿ እየደከመ መጣ። ተማሪዎቿን ከክፍል አውጥታ ከግራር ሥር ታስተምር ጀመር። ታኅሣሥ 25 ቀን ከዶፈን ተራራ ጥግ ከመሬት ውስጥ ጭስና እንፋሎት ሲተፋ የሚያሳይ ምስል በየስልኩ ተላላከ። «ዛሬውኑ ተነሥተሽ ነዪ!» ብዬ ጮህኩባት። «እማዬ፣ የገና በዓል እኮ ማክሰኞ ነው፤ የተማሪዎቹን ወረቀት አርሜ እሑድ እመጣለሁ» አለችኝ። ያን ምሽት ምግብ አልወርድ አለኝ። በጾመ ነቢያት መጨረሻ ላይ ስለነበርን ስግደቴን ሰገድኩ፣ ዳዊቴን ደገምኩ፤ አፌ ይደግማል፣ ልቤ አዋሽ ነው።

ሌሊት ላይ ነቅቼ ለጸሎት ተነሥቼ ነበር። ከጣሪያው የተንጠለጠለው አምፖል ነፋስ ሳይኖር ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረ። ቡፌው ውስጥ የተደረደሩት ሲኒዎች እርስ በርሳቸው ተነካኩና ጭል ጭል አሉ። ወለሉ ከእግሬ ሥር ቀስ ብሎ ሲሄድ ተሰማኝ፤ ጉልበቴ የከዳኝ መስሎኝ ግድግዳውን ያዝኩ፣ ግድግዳውም አብሮ ይሄዳል። ሰከንዶች ቢሆን ነው። ለእኛ ለድሬዎች የደረሰን ጫፉ ብቻ ነበር፤ ዕቃ እንኳን አልሰበረብንም። ነገር ግን እዚህ ይህን ያህል ከሆነ እዚያ ምን ሆኖ ይሆን?

ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግቢው ወጡ። አንድ ጎልማሳ ባትሪ ይዞ ደቻቱን ሊያይ ሮጠ። በታኅሣሥ፣ ወንዙ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ሳለ! የከተማችን ቁስል የት እንዳለ ያን ጊዜ አየሁ። የ5.8 መጠን ያለው መንቀጥቀጥ በዚያው በአዋሽ አካባቢ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ52 ላይ እንደደረሰ ቆይቶ በዜና ሰማን። በዚያን ሰዓት ግን ዜናም የለን፤ የልጄ ስልክ ይጠራል፣ አይነሣም። ደግሜ ስደውል መስመሩ ጨርሶ ጠፋ።

ግቢው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አብራኝ ለብዙ ዘመን የኖረች ሙስሊም ጎረቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ፤ እሷም በራሷ ዱዓ ታደርጋለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጸሎቴ ተለወጠ። ስለ ምድሪቱ መለመን ተውኩ። ተራራው ይጭስ፣ አለቱም ይሂድበት፤ እሱ የፈጣሪ ጉዳይ ነው። «ልጄን ብቻ» አልኩ። «ልጄን ብቻ፣ ልጄን ብቻ» እያልኩ ነጋ።

ፀሐይ ወጥታ ሳለ ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለ። ድምጿን ስሰማ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ጎረቤቶቼ እልልታዬ ዋናው መንገድ ድረስ ተሰማ ይላሉ። «እማዬ፣ ደህና ነኝ። ፍራሼን ወስደውብኝ ነው የተረፍኩት» አለችኝ።

አሁን እሷ የነገረችኝን ልንገራችሁ፤ ምስክርነቴ እዚህ ላይ ነውና።

ልጄ የምትኖረው በብሎኬት በተሠራች አንዲት ኪራይ ክፍል ውስጥ ነበር። ከግቢው ጀርባ አንድ የአፋር ቤተሰብ ይኖራል፤ ሁለቱ ልጆቻቸው ተማሪዎቿ ናቸው። ቤታቸው ዳቦይታ ነው፤ ቀጫጭን እንጨት ተቀንጥቦ ተጎብጦ ይታሰርና በሰሌን ምንጣፍ ይሸፈናል፣ ሲያሻም ተነቅሎ በግመል ይጫናል። የቤቱ እናት ካለፉት ምሽቶች ጀምሮ «ነዪ፣ እኛ ጋ እደሪ» ሲሏት ቆይተዋል። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ እሷም አፋርኛው ገና አልገባትም። ትፈራለች፣ ግን ሰው ማስቸገር ይከብዳታል። እሺ እያለች ታሳልፋቸዋለች።

ዓርብ ምሽት ጠረጴዛዋ ላይ አጎንብሳ ወረቀት ስታርም እናትየዋ ገቡ። ሰላምታ እንኳን አልሰጡም። ብርድ ልብሱን ከነአንሶላው ከአልጋው ላይ ገፈው፣ ፍራሹን ጠቀለሉና ራሳቸው ላይ አድርገው ወጡ። ልጄ እስክሪብቶዋን እንደያዘች እየተከተለች «እማ፣ ምን ሆነዋል? ወዴት ነው?» ትላለች። አልመለሱላትም። ዳቦይታው ውስጥ በልጆቻቸው መካከል አነጠፉላት። ከሽቦ አልጋ ላይ መተኛት ስለማትችል ፍራሿ ባለበት ተኛች። በቃ።

ሌሊት ላይ መጀመሪያ የተሰማት ከመሬት በታች የመጣ ጉርምርምታ ነው። ከዚያ መሬቱ ዘለለ። ዳቦይታው እንደ ቅርጫት ተጠማዘዘ፣ ሲጥ ሲጥ አለ፣ ተመልሶ ቆመ። ከሰሌንና ከቀጭን እንጨት የተሠራ ቤት ቢወድቅስ ምን ያደርጋል? ሕፃናቱ እሷ ላይ ተከመሩ። ፍየሎቹ ጮሁ። ከፊት ለፊት ደግሞ ብሎኬት ሲናድ፣ ቆርቆሮ ሲጮህ ሰሙ።

ሲነጋ ክፍሏን ሄዳ አየች። በራስጌዋ በኩል የነበረው ግድግዳ ከመስኮቱ በታች ጀምሮ ወደ ውስጥ ተንዷል። የአልጋው ብረት ከመካከል ተጣሞ ወለሉን ነክቷል፤ ትራሷ በሚቀመጥበት ቦታ ሦስት አራት ብሎኬት ተከምሯል። ያረመቻቸው ወረቀቶች በሲሚንቶ አቧራ ተሸፍነው ጠረጴዛው ሥር ተበትነዋል። ፎቶ አንሥታ ልካልኛለች። አሁንም ስልኬ ላይ አለ፤ ልቤ ሲደክም አውጥቼ አየዋለሁ። የማየው የተናደውን ግድግዳ ሳይሆን ፍራሽ የሌለበትን አልጋ ነው።

ወገኖቼ፣ ተአምር አሳምሬ ለማውራት ብዬ አልጨምርም፣ አልቀንስም። እናትየዋ ፍራሹን ያነሡት እኔ ስሰግድ በነበርኩበት ደቂቃ ነው ብዬ አልምልም፤ ሰዓት አላየሁም። ምሽት እንደነበረ ግን አውቃለሁ፤ እኔም ምሽቱን በሙሉ በጸሎት ላይ ነበርኩ። ቁልቢ ላይ ምድር እንድትቆም ለመንኩ፤ አልቆመችም። እግዚአብሔር ግን የእኔን ልጅ ከዚያ አልጋ ላይ እንዴት እንደሚያነሣት ያውቅ ነበር። መልአክ በክንፉ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ የእሱ መልእክተኛ ፍራሽ ተሸክማ የምትሄድ አንዲት የአፋር እናት ሆነች። እኔ በዚህ አምናለሁ፤ ማንም ዕድል ነው ቢለኝ አልከራከረውም፣ ግን አልቀበለውም።

ልጄ ለገና ድሬ ገባች። የገና ዕለት ቤት ውስጥ ሳይሆን ግቢው ውስጥ ነው የበላነው፤ ጣሪያ ሥር መቀመጥ አልቻለችም። ሌሊትም ከውጭ ምንጣፍ አንጥፈን አብሬያት አደርኩ። በር በኃይል ሲዘጋ ትዘልላለች። እንዳትመለስ ለመንኳት፤ ተማሪዎቼ ድንኳን ውስጥ ናቸው ብላ ተመለሰች። በዚያ ጊዜ ከአካባቢው ብዙ ሺህ ሕዝብ ተነሥቶ ወደ መጠለያ ተወስዶ ነበር። የካቲት 7 ቀን ሌሊት 6.0 መጠን ያለው ሲደርስ ሰዉ በድንኳን ውስጥ ነበር። ያን ሌሊት ግን ስልኳ ወዲያው ተነሣ።

በመጋቢት፣ የእኛ ዐቢይ ጾምና የእነርሱ ረመዳን ተገጣጥመው ሳለ፣ ቴምርና ስኳር ይዤ፣ ከድሬው ከፊራ ገበያ የገዛሁትን ሻሽ ጨምሬ፣ እናትየዋ ወዳሉበት መጠለያ ሄድኩ። ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል ብብቴ ሥር ይዘው አነሡኝ። ሁለታችንም ጾመኞች ነን፤ ውኃ እንኳን የምንገባበዘው የለም። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ልጃቸው እያስተረጎመ «እህቴ፣ ያን ምሽት ምን ታይቷችሁ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሻሹን በእጃቸው እየዳሰሱ ለልጁ ረጋ ብለው ተናገሩ። «ምንም አልታየኝም፤ እናቷ ሩቅ ናት ብዬ ነው ትላለች» አለኝ ልጁ። አለቀስኩ። እሳቸውም አብረውኝ አለቀሱ፤ እኔ በእሳቸው ቸርነት፣ እሳቸው ግን በድንኳኑ፣ በጠፋው ቤታቸውና በተበተኑት ፍየሎቻቸው። የእኔ ልጅ ዳነች ብዬ የእሳቸውን ኀዘን ልረሳው አልችልም፤ በጸሎታችሁ ከዚያ አገር የተፈናቀሉትን ሁሉ አስቡልኝ።

ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ከልጄ ጋር ቁልቢ ወጥተን ጥላውን አስገባን። ስለቱን የተቀበሉኝ አባት «ስለ ምን ነበር?» ብለው ሲጠይቁኝ ከፍራሹ ጀምሬ ነገርኳቸው። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነበር፤ እርሳቸው ግን እስክጨርስ ቆመው ሰሙኝ።