12፣ 3፣ 6፣ 9፦ ኒሞኒያ ያለባቸውን ልጆች በሰዓት መከታተል የጀመርንበት መንገድ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ ሆስፒታል የልጆች ዋርድ ነርስ ነኝ። በተለይ ውርጩ ሲገባ አልጋው በሳንባ ምች (ኒሞኒያ) ነው የሚሞላው፣ ብርዱ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ኩበት በሚጨስበት ቤት ታዝሎ የሚውል ህፃን ሳንባው ምን ይሆናል ብላችሁ ነው። መድሃኒቱ ላይ ያን ያህል ችግር አልነበረም፣ አምፒሲሊንና ጀንታማይሲን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች በመርፌ ይታዘዛሉ፣ ይሰጣሉ። የጎደለው በመርፌና በመርፌ መሃል ያለው ሰዓት ነው። ትንፋሹ ስንት ነበር? ጠባ ወይ? ኦክስጅኑ አፍንጫው ላይ አለ ወይስ ጉንጩ ላይ? ይሄ ሁሉ በየነርሱ ጭንቅላት ነበር፣ ሺፍት ሲቀየር አብሮ ቤቱ ይሄዳል።

ስለዚህ አልጋው ግርጌ የሚንጠለጠል አንድ ገፅ የመከታተያ ቅፅ አዘጋጀን። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከባድ ኒሞኒያ ያለበትን ልጅ ነርስ ቢያንስ በየ3 ሰዓቱ፣ ሐኪም በቀን ቢያንስ 2 ጊዜ ይየው ይላል፣ በኛ ሰዓት ደግሞ 12፣ 3፣ 6፣ 9 ማለት ነው፣ አምፒሲሊኑም በየ6 ሰዓቱ ስለሆነ 12 እና 6 ላይ ይገጥማል፣ መርፌ ይዘህ ስትሄድ ሌላውንም አብረህ ትጨርሳለህ። ባልደረቦቼ "ደግሞ ሌላ ወረቀት?" ብለው አጉረመረሙ፣ እውነት አላቸው፣ ድሮ የነበሩትን ሁለት ቅፆች ያስቀረልን ሲሆን ነው የተቀበሉት። አዲስ ቅፅ የምታመጡ ሰዎች አሮጌውን ሳታስነሱ አትምጡ።

ብዙ የተከራከርነው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ትንፋሽ ይቆጠር አልኩ፣ ህፃኑ ሳይነካ፣ ሙሉ 1 ደቂቃ። ቴርሞሜትሩን አስቀድመህ ብብቱ ውስጥ ከከተትክ አለቀልህ፣ ያለቅሳል፣ የቆጠርከውም የለቅሶ ትንፋሽ ነው። ከ2 ወር በታች 60ና ከዛ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ አመት 50ና ከዛ በላይ፣ ከአመት እስከ 5 አመት 40ና ከዛ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፣ ወረቀቱ አናት ላይ በትልቁ ፅፈነዋል። እናት ራሷ ጋቢውን ገለጥ ታድርገው፣ በጋቢ ላይ የደረት መሰርጎድ፣ ማለትም ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ መግባቱ፣ አይታይም።

ቀጥሎ ኦክሲሜትር፣ ጣት ላይ ተደርጎ የደሙን ኦክስጅን በመቶኛ የሚያነበው ማሽን። እዚህ ብርድ አገር የልጁ ጣት በረዶ ይሆንና ማሽኑ ወይ አያነብም ወይ ያስደነግጥሃል፣ እጁን በመዳፍህ አሙቀህ ወይ የእግር ጣቱ ላይ አድርገህ የልብ ምቱ እስኪረጋ ትጠብቃለህ። ከፍታውም አለ፣ ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መመሪያው ኦክስጅን የሚያስጀምረው ከ90 በታች ሲሆን ነው፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች ግን 87ና ከዛ በታች ይላል። ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ ግን አትለፉ፣ 89 ሆኖ የሚያቃስት ልጅና 89 ሆኖ የሚጫወት ልጅ አንድ አይደሉም፣ ለሐኪሙ ሁለቱንም ንገሩት።

ምግብ ላይ ነው ትግሉ። አንዷን አያት አስታውሳለሁ፣ ልጁ ቁና ቁና እየተነፈሰ አጥሚት በእጃቸው ሊግቱት ነው። "እማማ፣ አሁን ይቆይ፣ ሳንባው ውስጥ ይገባበታል" ስላቸው "በባዶ ሆዱ ይሙትልህ እንዴ ልጄ?" አሉኝ። ጥያቄያቸው ልክ ነው እኮ! አትስጡ ብለህ ብቻ ከሄድክ ዞር ስትል ይግቱታል። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን በአፍንጫ ቱቦ የእናቱን ጡት ወተት ትንሽ ትንሽ እያልን ሰጠነው፣ እሳቸው አጠገቤ ቆመው እያዩ። ከዛ ወዲህ ወረቀቱ ላይ "እንዴት ይመገብ" የሚል ቦታ ገባ፣ በጡት፣ በኩባያና ማንኪያ ወይ በቱቦ፣ አስታማሚዋም ታውቀዋለች።

አስታማሚ ካልኩ አይቀር፣ ከማሽኑ ይልቅ የጠቀመችን እሷ ናት። ስትገባ አሳያታለሁ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ካቃሰተ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ አልነቃ ካለ ሰዓት ሳትጠብቂ ጥሪኝ እላታለሁ። አፍንጫው ላይ ያለውን የኦክስጅን ቱቦ ንፍጥ እንዳይደፍነው የምታየውም እሷ ናት፣ እኔ በ3 ሰዓቴ አረጋግጣለሁ። መጀመሪያ ይፈራሉ፣ "ሲስተሯ ትቆጣለች" ይላሉ፣ በኋላ ግን ሰዓቱን ራሳቸው ያስታውሱሃል፣ "ዘጠኝ ሰዓት አልፏል እኮ!"

ኦክስጅን ማውጣት ላይም ስርዓት ያዝን። ልጁ ሲረጋጋ በቀን አንዴ እናነሳለን፣ ሳቹሬሽኑ (ኦክሲሜትሩ የሚያነበው ቁጥር) ካልወረደ ከ30 ደቂቃ በኋላ ደግመን እናያለን፣ የዛን ቀን ደግሞ በየ3 ሰዓቱ። ድሮ "ይቆይለት" እየተባለ ሲሊንደር ያልቅ ነበር፣ ሌላ ልጅ ሲመጣ መሯሯጥ። የሺፍት ርክክቡንም ከጠረጴዛ አንስተን አልጋው ጋ አደረግነው፣ ወጪውና ገቢው ልጁን አብረው አይተው ይፈርማሉ።

የሌሊቱ ግን አሁንም ይከብዳል፣ አንድ ነርስ ሙሉ ዋርድ ይዞ 9 ሰዓት ሌሊት ላይ ሁሉንም አይደርስም። ለጊዜው ያደረግነው ኦክስጅን ላይ ያሉትንና ከ2 ወር በታች የሆኑትን ማታ ነርስ ጠረጴዛ ጋ ማምጣት ነው፣ እነሱ ምንም ቢሆን 9 ሰዓታቸው አይዘለልም፣ የተሻሉት እስከ 12 ሊቆዩ ይችላሉ።