ስላንት ሲክስ፦ የቫልቭ ድምፅ ሲጠፋ

የድሮ ዶጅ ዳርት ወይም ፕሊመዝ ቫሊያንት ኮፈን ሲከፈት ወደ ቀኝ 30 ዲግሪ ያዘነበለ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ይታያል። ክራይስለር በፈረንጆች አቆጣጠር ለ1960 ሞዴል ያወጣው ስላንት ሲክስ ነው። በማዘንበሉ ኮፈኑ ዝቅ አለ፤ በግራ በኩልም ረዘም ላሉ የአየር ማስገቢያ ቧንቧዎች ቦታ ተገኘ። መጠኑ 170፣ 198 እና 225 ኪዩቢክ ኢንች ነው፤ በብዛት የሚገኘው 225ቱ ወይም 3.7 ሊትሩ ሲሆን በዶጅ ፒካፖች ላይ እስከ 1987 ዘልቋል።

አይሞትም የሚባልለት ሞተር ነው፤ ስሙም ይገባዋል። ግን እስከ 1980 የተሠሩት ላይ የቫልቭ ክፍተት (ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ በዘንጉ ጫፍና በሚገፋው ክንድ፣ በሮከር አርሙ፣ መካከል የሚቀረው ትንሽ ርቀት) በእጅ ካልተስተካከለ ቀስ በቀስ ይታመማል። ከ1981 ጀምሮ ክፍተቱን በዘይት ግፊት ራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ ስለተገጠመ ይህ ሥራ አያስፈልግም።

ብዙ ባለቤቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቫልቩ ሲንኳኳ ይደነግጣሉ፣ ድምፁ ሲጠፋ ደስ ይላቸዋል። ለስለስ ያለ፣ እኩል የሆነ የመንኳኳት ድምፅ የጤና ነው። የማስወጫ ቫልቭ ከጊዜ ጋር መቀመጫውን እየበላ ወደ ውስጥ ሲሰምጥ የቫልቩ ዘንግ ወደ ላይ ይወጣል፣ ክፍተቱም ይጠብባል። ክፍተቱ ሲያልቅ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ሙቀቱን የሚያስተላልፈው መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ስለሆነ፣ ካላረፈ ይቃጠላል። እርሳስ የሌለው ቤንዚን ቫልቮቹን በያዘው አሮጌ ቴስታታ ላይ፣ በተለይ በአውራ ጎዳና ረጅም መንገድ ለሚነዳ መኪና፣ ይህን ያፋጥነዋል። ቴስታታው ለሌላ ሥራ ከወረደ ጠንካራ የማስወጫ መቀመጫ ማስገጠም ለወጪው የሚገባ ነው።

ልኩ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ለማስገቢያ 0.010 ኢንች፣ ለማስወጫ 0.020 ኢንች ነው፤ በሚሊሜትር 0.25 እና 0.50 ገደማ። ቫልቮቹ ከፊት ወደ ኋላ ሲቆጠሩ ሁለቱ ጫፎች ማስወጫ ናቸው፤ መሃል ላይ የተጎራበቱት ሁለቱ ደግሞ ማስገቢያ። በቀሩት ቦታዎች አንድ ማስወጫ አንድ ማስገቢያ እያለ ይሄዳል። ይህን ያምታታ ሰው የማስወጫውን ክፍተት በግማሽ ያጠብበዋል፤ ከዚያ የሚመጣውን ከላይ አይተናል።

ፋብሪካው ሞተሩ እየሠራ እንዲስተካከል ያዝዛል። ዘይቱ ይረጫል፣ ክፍተቱ የሚለካበት ስስ ብረት፣ ፊለር ጌጁም፣ ይበላል፤ ስለዚህ አጥፍቶ መሥራት ይሻላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ተነድቶ እንደቆመ የቫልቭ ክዳኑን ፍቱ። የክራንኩን ፑሊ ዜሮ ምልክት ካለበት ጀምራችሁ በጠመኔ ሦስት እኩል ቦታ ክፈሉት። አንደኛው ሲሊንደር በመጭመቂያ ምቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሁለቱንም ቫልቮቹን አስተካክሉ፤ ከዚያ በየሲሶ ዙሩ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4 እያላችሁ ቀጥሉ። በብዙዎቹ የክራንክ ጫፍ ላይ ቁልፍ የሚይዝ ብሎን ስለሌለ ሞተሩን ለማዞር ሞተሪኖውን በአጭር በአጭሩ መንካት ያስፈልጋል።

ማስተካከያው ብሎን ሮከር አርሙ ላይ፣ ከታች በሚገፋው ዘንግ፣ በፑሽ ሮዱ፣ በኩል ነው፤ 3/8 ቁልፍ ይይዘዋል። የሚያጠብቀው ዳዶ የለውም፤ በጥርሱ ጥብቀት ራሱን ይይዛል። በቀላሉ የሚዞር ከሆነ ቦታውን ስለማይጠብቅ ቀይሩት። ፊለሩ ትንሽ እየከበደው ማለፍ አለበት። በ0.020 እና በ0.022 መካከል ከተጠራጠራችሁ ሰፊውን ምረጡ፤ ትንሽ ድምፅ ቫልቭ አያቃጥልም።

ክዳኑ ወርዶ ሳለ ካንዴላዎቹንም ማየት ጥሩ ነው። እስከ 1974 በተሠሩት ላይ ካንዴላው አሉሚኒየም ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ቱቦው ራሱ እንደ ማሸጊያ ስለሚያገለግል ከአዲሱ ካንዴላ ጋር የሚመጣው የብረት ቀለበት መውጣት አለበት። ካንዴላው ዘይት ከነካው ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፒስተን ሳይሆን የቱቦው ላስቲክ ቀለበት መድረቅ ነው፤ ስድስቱንም መቀየር በጣም ርካሽ ጥገና ነው።

ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው የማስወጫ ማኒፎልድ ሲሰነጠቅ ደግሞ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያጠበቀው ሰው ነው። የማስገቢያውና የማስወጫው ማኒፎልዶች በሦስት ብሎኖች የተያያዙ ናቸው። እነሱን አላልታችሁ፣ መጀመሪያ ከቴስታታው ጋር የሚያያዙትን ዳዶዎች በ10 ፉት ፓውንድ ብቻ አጥብቁ፤ ሦስቱን መጨረሻ ላይ። ይህ ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ መንሸራተቻ ከተከለከለ ይሰነጠቃል።

ቁልፉን ስታዞሩ ተነስቶ እጃችሁን ስትለቁ ወዲያው ከጠፋ ካርቡሬተሩን አትፍቱ። አብዛኛውን ጊዜ በሞተሩና በተሳፋሪዎቹ ክፍል መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ያለው፣ ወደ ማቀጣጠያው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቀንሰው ነጭ ሴራሚክ፣ ባላስት ሬዚስተሩ፣ ተቃጥሏል። ሞተሪኖው ሲሠራ ኤሌክትሪኩ ሬዚስተሩን ትቶ በሌላ መንገድ ስለሚሄድ ነው ሞተሩ የሚነሳው። ዋጋው ትንሽ ስለሆነ አንድ መለዋወጫ በመኪናው ውስጥ ይቀመጥ።