ከአራት ኪሎ ሽቅብ፦ የድል በዓል መልእክት

የተከበራችሁ ወዳጆቼና ተከታታዮቼ፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ ሁሉ፣ እንኳን ለሚያዝያ 27 የአርበኞች የድል በዓል በሰላም አደረሳችሁ። በዚህ ዕለት የአበባ ጉንጉን የሚቀመጠው፣ አርበኞች ሜዳሊያቸውን ደርድረው የሚሰበሰቡት አራት ኪሎ በሚገኘው የድል ሐውልት ዙሪያ ነው። እኔ ግን የዘንድሮ መልእክቴን ከዚያ ሽቅብ፣ በአምስት ኪሎ በኩል ታልፎ ስለሚደረስበት የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ላደርገው ወደድሁ፤ ለድሉ የተከፈለው ዋጋ በድንጋይና በነሐስ ተቀርጾ የቆመው እዚያ ስድስት ኪሎ ነውና።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በወረራው ዘመን አገራችንን በጣሊያን ስም ይገዛ የነበረው እንደራሴ ማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ የጣሊያኑ አልጋ ወራሽ ልጅ መወለዱን ምክንያት በማድረግ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ሕዝቡን ሰብስቦ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ሁለት የኤርትራ ተወላጅ ወጣቶች ቦምብ ወርውረው አቆሰሉት። በግቢው ውስጥ ምጽዋት ሊቀበሉ የመጡት ችግረኞች ከመጀመሪያዎቹ ሟቾች መካከል ሆኑ፤ ከዚያም የፋሺስት ፓርቲው ኃላፊ ጉይዶ ኮርቴዜ የለቀቃቸው ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ለሦስት ቀናት በየሰፈሩ እየዞሩ ሕዝቡን በጥይት፣ በዱላ፣ በአካፋና በዶማ ፈጁት፤ ጎጆዎችንም ከነነዋሪዎቻቸው አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። የተማሩ ወጣቶች እየተለቀሙ ተገደሉ፤ በግንቦትም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ጠላት በዚህ ሁሉ አርበኝነቱን አጠፋለሁ ብሎ ነበር፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ከከተማው የተረፈው ብዙ ሰው ወደ ዱር ወጣ።

አሁን የምናየውን ሐውልት በ1940ዎቹ ማብቂያ የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው። አውጉስቲንቺች በኒው ዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ቅጥር ግቢ የቆመችውን ፈረሰኛ የሰላም ሐውልት የሠራ ሰው ነው። ሥራው ለእነዚህ ሰዎች መሰጠቱ ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል። አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ በወጣችበት በዚያው ዕለት፣ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ የእነርሱ አገር ተወረረች፤ የክርሺኒች የትውልድ ደሴት ኮርቹላም በጣሊያን ሥር ወደቀች። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች የእኛን ሐዘን ሊቀርጹ ሲመጡ ፋሺዝምን ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁ እንግዶች አልነበሩም።

ሐውልቱ 28 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ነጭ የድንጋይ ዓምድ ነው፤ በታችኛው ክፍል ዙሪያውን የነሐስ ቅርጾች ይዞራሉ። ከሩቅ የሚታየው ዓምዱ ብቻ ሲሆን፣ ሲቀርቡት ግን ዓይን የሚያርፈው በሟቾቹና በአልቃሾቹ ላይ ነው። እንደ እኔ አስተያየት የሥራው ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። የጦር መሪ በፈረስ ላይ አልተቀመጠበትም፤ ሐውልቱን የያዙት ስማቸው በታሪክ ያልተመዘገበ የከተማው ሰዎች ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ መዲናቸው ሲመለሱ ሕዝቡ ክፋትን በክፋት እንዳይመልስ አደራ ብለው ነበር፤ በነሐሱ ላይም ግፉ ሳይሸፈን ተቀርጿል፣ የበቀል ጥሪ ግን አይታየኝም።

የዓምዱ ቅርጽ ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሰኛል። ፍጅቱ በተፈጸመበት በዚያው ዓመት ፋሺስቶቹ የአክሱምን ሐውልት ነቅለው ወደ ሮም ወስደዋል፤ ጣሊያን ልትመልሰው በ1939 ዓ.ም. በሰላም ውል ብትገባም፣ የስድስት ኪሎው ዓምድ ሲቆም የአክሱሙ ገና በሮም አደባባይ ነበር። ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። የተሰረቀው ባልተመለሰበት ዘመን በመዲናዋ አዲስ ዓምድ ማቆም፣ ታስቦበትም ይሁን ሳይታሰብ፣ ታላቅ መልስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በነሐሴ 2004 ዓ.ም. አፊሌ በምትባል ትንሽ የጣሊያን ከተማ ለዚሁ ለግራዚያኒ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠራለት። በየአገሩ ተቃውሞውን ያሰማችሁ ወገኖቼ፣ ለዚያ ድካማችሁ ዛሬም አመሰግናችኋለሁ።

በዓሉን አራት ኪሎ የምታከብሩ ሁሉ፣ ሥነ ሥርዓቱ ሲያበቃ ልጆቻችሁን ይዛችሁ እስከ ስድስት ኪሎ ውጡ፤ ነሐሶቹንም ዙሩና አሳዩአቸው። ከአያቶቻችሁ ወይም ከቅድመ አያቶቻችሁ መካከል በእነዚያ ሦስት ቀናት የሞተ ዘመድ ስም በቤታችሁ የሚነገር ከሆነ ደግሞ፣ ስሙንና ሰፈሩን ከነአባቱ ስም ጽፋችሁ ለልጆቻችሁ አስቀምጡላቸው። መልካም የድል በዓል ይሁንላችሁ።