ለስካነር አንቴናዬ የዲሽ ኬብል ለምን መረጥኩ

የሬድዮ ስካነር (የሌሎችን የሬድዮ ንግግር እየፈለገ የሚያሰማ መቀበያ) የሚወድ ሰው ገንዘቡን አንቴና ላይ ያፈሳል። ኬብሉን ግን እጁ የገባውን ይቀጥላል። ይህ ያንገበግበኛል። ጣሪያ ላይ የተያዘው ሲግናል መንገድ ላይ የሚቀረው በኬብሉ ምክንያት ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምወደው የአውሮፕላን ወሬ ነው፤ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ። ፓይለቶቹ ከሰማይ ስለሚያወሩ ስካነሩ ላይ ባለችው አጭር አንቴና እንኳ ይሰማሉ። 119.1 ላይ ያለው የሬገን ናሽናል ኤርፖርት መቆጣጠሪያ ታወር ግን ከመሬት ነው የሚያወራው። ፓይለቱ ሲመልስ እየሰማሁ ታወሩ ምን እንዳዘዘው አለማወቅ አላስቻለኝም። ስለዚህ አንቴናው ጣሪያ ላይ ወጣ። ከዚያ እስከ ጠረጴዛዬ 15 ሜትር ገደማ ነው።

ኬብል ሁሉ ሲግናል ይበላል። ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል ደግሞ ይብስበታል። አርጂ-58 የሚባለው ቀጭን ኬብል በ15 ሜትር የአውሮፕላኑን ሲግናል 2 ዴሲቤል (የሲግናል መቀነስ የሚለካበት) ገደማ ይቀንሰዋል፤ ያን ያህል አይጎዳም። ብዙ የፖሊስና የእሳት አደጋ ሬድዮ ያለበት 800 ሜጋኸርዝ አካባቢ ግን 7 ዴሲቤል ገደማ ይወስዳል። ስካነሩ ጋ የሚደርሰው ከአምስት እጅ አንዱ ብቻ ነው ማለት ነው። የዲሽ ኬብል የምንለው አርጂ-6 እዚያው ላይ ግማሹን ያህል ያደርሳል። ኤልኤምአር-400 የሚባለው ኬብል ከሁለቱም ይሻላል። ግን ውድ ነው፣ ወፍራም ነው፣ እንደልብ አይታጠፍም፤ ከትንሽ ስካነር ጀርባ ሲንጠለጠል ሶኬቱን ይጎትተዋል።

አርጂ-6 መረጥኩ። አንድ ወዳጄ "ወንድሜ፣ እሱ እኮ 75 ኦም ነው፤ ስካነርህ የሚፈልገው 50 ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ኦም ኬብሉና ስካነሩ በኤሌክትሪክ መጣጣማቸው የሚታይበት ቁጥር ነው። ግን በልዩነቱ የሚጠፋው 0.2 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ጆሮ አይለየውም። ለሚያስተላልፍ ሰው ነገሩ ሌላ ነው፤ እኛ ግን አድማጮች ነን። ታወሩም አሁን ጥርት ብሎ ይሰማኛል።

ዋናው ጥንቃቄ ጫፉ ላይ ነው። ላስቲኩን ስትልጡ ከሥሩ ካለው የሽቦ ጥልፍ አንዲት ቀጭን ሽቦ እንኳ መሃል ያለውን መዳብ እንዳትነካ። መዳቡን የከበበው ነጩ ፕላስቲክ ከኤፍ ኮኔክተሩ (የዲሽ ኬብል ጫፍ ላይ የሚገባው ብረት) የውስጥ ወለል ጋር እኩል ይቁም፤ መዳቡ ብቻ ትንሽ አለፍ ይበል። በፒንሳ የሚጨበጠውን ተዉትና በራሱ መሣሪያ የሚጨመቀውን ግዙ። ውጭ ያለውን መጋጠሚያ እርስ በርሱ በሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ጠቅልሉት፤ ተራ ናስትሮ ብቻውን ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ይላቀቃል። ኬብሉ ግድግዳውን ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ይበል፤ የዝናቡ ውሃ እዚያ ይንጠባጠባል። መግቢያው ላይ በግራውንድ ብሎክ (ኬብሉን ከግራውንድ ሽቦ ጋር በሚያገናኝ ትንሽ ብረት) ከቤቱ ግራውንድ ጋር ይገናኝ፤ ይህን በፍጹም አትዝለሉት። ስካነሩ ጋ ከኤፍ ወደ ቢኤንሲ (የስካነሩ የአንቴና ሶኬት ዓይነት) የሚቀይር አንድ አዳፕተር ይበቃል።

ከ30 ሜትር በላይ የምትዘረጉና 800 ላይ የምታዳምጡ ከሆነ ግን ጨክናችሁ ኤልኤምአር-400 ግዙ። ስካነሩ ጋ ሲደርስ አጭርና ለስላሳ ኬብል ቀጥሉበት።