ኪራዩ ስንት ነበር?

የክፍለ ከተማው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የማመልከቻዬን ርዕስ ብቻ አንብቦ ቀና አለና «ጋዜጠኛ ነሽ?» አለኝ። እንዳልሆንኩ፣ ከአንድ የጥብቅና ቢሮ እንደመጣሁ ነገርኩት። «ታዲያ ይህ አዋጅ ምን ያደርግልሻል? የጋዜጠኞች አዋጅ እኮ ነው» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ።

ይህን ንግግር ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ድምፁን ከፍ አላደረገብኝም፣ ወንበርም ሰጥቶኛል። የሚያበሳጨኝ፣ ሕጉ ጥያቄ እንዲቀበል ኃላፊነት የሰጠው ለእርሱ ለራሱ መሆኑ ነው። በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ የሚጠየቀው የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። ጥያቄው በጽሑፍም በቃልም ሊቀርብ ይችላል፤ በቃል የቀረበውን በጽሑፍ ማስፈር የኃላፊው ሥራ ነው። ጠያቂው መረጃውን ለምን እንደፈለገው እንዲያስረዳ አይገደድም። የአዋጁ ስም በመገናኛ ብዙኃን ስለሚጀምር ብዙዎቹ ከዚያ አልፈው አያነቡም። መብቱን የሚሰጠው አንቀጽ ግን የማንንም ሙያ አይጠይቅም፤ ለማንኛውም ሰው ነው የሚለው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ደንበኞቻችን መሐል ከተማ ያለ አንድ ግቢ ወራሾች ናቸው። ከመንገድ በኩል ያለው ቤት ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47/67 ተወርሷል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው ከጓሮ ባለው ቤት ላይ ነው። ቀበሌ ለብዙ ዓመታት ሲያከራየው ኖሯል፤ ወራሾቹ ግን እናታቸው ያንን ቤት ፈጽሞ እንዳላስረከቡ ይናገራሉ። አካባቢው ሊፈርስ ነው ሲባል የዘገየው ጥያቄ ፍርድ ቤት ደረሰ። ችሎቱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 145 መሠረት ክፍለ ከተማው የቤቱን ማኅደር እንዲልክ አዘዘ። የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር፤ ማኅደሩ አልተገኘም። በየትኛው ክፍል፣ በማን ስም፣ በየትኛው የቤት ቁጥር እንደተፈለገ የሚገልጽ ነገር አልነበረበትም። አለቃዬ ጋሼ መልሱን ሁለቴ አነበቡትና «ለሁለተኛ ትእዛዝ ከማመልከታችን በፊት አንቺ ሂጂና በአዋጁ ጠይቂ» አሉኝ።

እናም አዋጁን ከቦርሳዬ አውጥቼ አንቀጹን ለኃላፊው አነበብኩለት። በትዕግሥት አዳመጠኝ፤ ስጨርስ ግን «ይህ እኮ ተሽሯል» አለኝ። በ2013 የወጣውን የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238ን ማለቱ ነበር። አዲሱ አዋጅ የተካው የመገናኛ ብዙኃኑን ክፍል እንደሆነ፣ የመረጃ ነፃነቱ ክፍል ግን በሥራ ላይ እንዳለ አስረዳሁት።

«እሺ ይሁን። ግን የግለሰብ ማኅደር ነው፤ ለሦስተኛ ወገን አንሰጥም።»

«ልክ ነዎት፤ የሌላ ሰው የግል መረጃ መጠበቅ አለበት። እኔ የያዝኩት ግን የወራሽነት ማስረጃና ውክልና ነው። የሚጠይቁት ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ናቸው።»

«ቢሆንም ከሚመለከተው አካል የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል።»

«የሚመለከተው አካል ማን ነው?»

መልስ አልሰጠኝም። ስልኩን አንሥቶ ተመለከተና ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው። ቢሮ ለቢሮ የሚዞር ሰው ሁሉ ይህን «የሚመለከተው አካል» የሚባል ነገር ያውቀዋል። ጠዋት ከአንዱ መስኮት ሌላ መስኮት ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ያው የመጀመሪያው ይሆናል። አንድ ዜጋ ስለ ራሱ ቤት ለመጠየቅ ሌላ መሥሪያ ቤት ዋስ እንዲሆነው የሚያስገድድ ሕግ እስከ ዛሬ አላነበብኩም። ይህንኑ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «እሺ፣ ትተሽልኝ ሂጂ» አለኝ።

እዚህ ላይ በጽኑ እመክራለሁ፤ በዚህ ሙያ ያላችሁ ጀማሪዎች፣ ማመልከቻ ትታችሁ አትሂዱ። ሁለት ቅጂ ያዙ፤ አንደኛው ገቢ ይደረግ፣ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉበትና ይዛችሁት ውጡ። ሕጉ ለመልስ የሰጠው 30 ቀን የሚቆጠረው ጥያቄው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ማስረጃ የሌለው ቀን ደግሞ አይቆጠርም። መልሱ ቢከለከል አቤቱታው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለእንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት ይቀርባል። የትኛውም በር ስትደርሱ የምትጠየቁት ያችን ማኅተም ያረፈባትን ቅጂ ነው። እኔም ገቢ ካልተደረገ አልነሣም ብዬ ተቀመጥኩ፤ ጸሐፊዋ መታችልኝ።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ አዛውንት ናቸው። ሰላምታ ሰጥቼ ሳልጨርስ «ቁጥር ያለው ወረቀት ይዘሻል?» አሉኝ። ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ማኅተሙን አዩ፣ ከዚያ ጽሑፉን ማንበብ ጀመሩ። «በቃል የመጣ ጥያቄ አልፈልግም፣ ልጄ። ሰው አዝኜ በቃል ያወጣሁት ማኅደር ጠፍቶ መከራዬን አይቻለሁ። ቁጥር ካለው ግን ፈርሜ ማውጣት ሥራዬ ነው።» ማመልከቻውን እስከ መጨረሻው አነበቡና «ኪራዩ ስንት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህን ጥያቄ ያነሣ አልነበረም፤ ችሎቱ አልጠየቀም፣ ኃላፊው አልጠየቀም፣ እኛም ቢሮ ውስጥ አላነሣነውም። እርሳቸው ቆመው አስረዱኝ። በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ወደ ከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ወደ ቀበሌ ሄዱ። ከዚያ በላይ የሚከራዩት ደግሞ በመንግሥት ሥር ሆኑ፤ ኋላ የኪራይ ቤቶች ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ያስተዳድራቸው ጀመር፣ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ነው የያዛቸው። ስለዚህ የአንድ ግቢ ሁለት ቤቶች ወረቀታቸው በሁለት መሥሪያ ቤት ሊለያይ ይችላል። የፊቱ ቤት ሱቅ ነበረበት፣ ኪራዩም ከፍ ያለ ነበር። የጓሮው ግን ጥቂት ብር የሚከፈልባት አንድ ክፍል ናት፤ ወረቀቷ የተገኘ እንደሆነ የሚገኘው ከቀበሌ መዝገብ ነው።

«በማን ስም ፈለጉት?» አሉኝ ደግሞ። በእናትየዋ ስም አልኳቸው።

«የቀበሌ የኪራይ መዝገብ ባለቤት አያውቅም፤ የሚያውቀው ተከራይ ነው። በባለቤት ስም የፈለገ ሰው መቼም አያገኘውም። ከፍተኛውና ቀበሌው ስንት ነበር? የድሮው የቤት ቁጥርስ?»

ወጣት አንባቢዎች ምናልባት አታውቁት ይሆናል፤ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ የተከፋፈለችው በከፍተኛና በቀበሌ ነበር። ከዚያ በኋላ ከተማዋ በወረዳ እንደገና ተደራጀች፣ በ1995 አሥር ክፍለ ከተሞች ተቋቋሙ፣ ኋላ 11 ሆኑ፣ ቀበሌዎቹም ተጠቃልለው ወረዳ ሆኑ። በየጊዜው ማኅደር ተጓጉዟል፣ የቤት ቁጥርም ተለውጧል። እኛ በማመልከቻችን ላይ የጻፍነው የዛሬውን ወረዳና የዛሬውን ቁጥር ነበር፤ በዚያ ቁጥር ተመዝግቦ የተቀመጠ የ1960ዎቹ ወረቀት የለም።

የድሮውን ቁጥር ያገኘነው ከእናትየዋ የእድር ደብተር ነው። ሽፋኑ ላይ ከፍተኛው፣ ቀበሌውና የቤት ቁጥሩ በግልጽ ተጽፈዋል። የድሮ የቀበሌ መታወቂያ፣ የመብራትና የውኃ ደረሰኝ፣ የቤትና የቦታ ግብር የተከፈለበት ወረቀት እንዲሁ ይጠቅማሉ። አሁን ቢሮአችን ለማንኛውም የይዞታ ጉዳይ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው እነዚህን ነው፤ ካርታ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቁጥሩን ጨምሬ ተጨማሪ ማመልከቻ ገቢ አደረግሁ። አዛውንቱ ያንኑ ሰሞን መዝገቡን አወጡት፤ ጫፉ የተበላ፣ በእጅ ጽሑፍ የተሞላ ትልቅ ደብተር ነው። የጓሮው ቤት ተከራይ በስም ሠፍሯል፣ በየወሩ የከፈለውም ተመዝግቧል። እኛን ያስደነቀን ግን መነሻው ነበር። የቀበሌው ሌሎች ቤቶች ኪራይ ከ1968 መጀመሪያ ጀምሮ ሲመዘገብ፣ የዚህ ቤት የመጀመሪያ ክፍያ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ቤቱ በ1967ቱ አዋጅ ጊዜ ተረክቦ ቢሆን ኖሮ በእነዚያ ዓመታት ማን ኖረበት? የርክክብ ቅጽም በዚያ ቁጥር አልተገኘም። ጋሼ ይህ ብቻውን ክርክሩን አያሸንፍም ይላሉ፣ ትክክልም ናቸው፤ ተቃራኒው ወገን ደብተሩ የጎደለ ገጽ አለው ሊል ይችላል። ነገር ግን ባዶ እጃችንን አይደለንም። የተረጋገጠ ቅጂ ተሰጥቶን ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ጋር አያይዘነዋል።

የኃላፊው ጽሑፋዊ መልስ የደረሰን ቅጂውን ከወሰድን በኋላ ነው። ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ እንዲህም ይላል፤ የተጠየቀው ማኅደር በመሥሪያ ቤታችን አልተገኘም። ከእርሱ ቢሮ እስከ መዝገብ ቤቱ ያለው ጥቂት ደረጃ ነው። አንድ ጊዜ ወርዶ ቢጠይቅ ኖሮ የሚያውቅ ሰው ያገኝ ነበር። ወራሾቹ ከእርጅና ጋር እየታገሉ ከከተማው ዳር ድረስ የሚመላለሱ ሰዎች ናቸው፤ ያ ደብዳቤ ብቻ ደርሷቸው ቢሆን ኖሮ አምነው ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ስንቶች እንደተመለሱ ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኛል።

የሥራ ባልደረቦቼ ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ነገር አዋጁ ከንቱ መሆኑን ነው፤ የረዱሽ ሽማግሌው ናቸው ይሉኛል። አልስማማም። ሽማግሌው መደርደሪያውን የከፈቱት ቁጥር ያለው ወረቀት ስላዩ ነው፤ ያን ቁጥር ያስገኘልኝ ደግሞ አዋጁ ነው። ባልደረቦቼ ግን አንድ ነገር አላቸው፤ በአዋጁ ብቻ ብሄድ ኖሮ በእጄ የሚቀረው ያ አንድ መስመር ደብዳቤ ነበር።

ያው አዋጅ እያንዳንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምን ዓይነት መዛግብት እንደያዘ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ ያዛል። በዚያ ክፍለ ከተማ እንዲህ ያለ ዝርዝር ግድግዳ ላይም ሆነ ሌላ ቦታ አላየሁም። የኪራይ ደብተሮቹ ወደ ኮምፒውተር እየገቡ ካሉት ሰነዶች ውስጥ የሉም፤ የዛሬ የቤት መለያ ስለሌላቸው ተዘልለዋል። የትኞቹ ደብተሮች የየትኛው ከፍተኛና ቀበሌ እንደሆኑ የሚያውቁት አዛውንቱ ናቸው፣ እርሳቸውም በቅርቡ ጡረታ ይወጣሉ። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ሌላ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ የጠየቅሁት የደብተሮቹን ዝርዝርና ማን እንደሚረከባቸው ነው። ገቢ ሆኗል፣ ማኅተም ያለበት ቅጂም በቢሮአችን አለ። የመልሱ ቀን ሲያልፍ አቤቱታው ለበላይ ኃላፊው ይገባል፤ ረቂቁን ከአሁኑ ጽፌዋለሁ።