የቆጥ ቅንቅን

ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ያለ ምክንያት ሆዴ ባር ባር ይለኛል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እንዲህ ያደርገኛል። እትዬ ደውለው ስለ ሌላ ስናወራ በመሃል «ዶሮዎቹ ቆጥ አንወጣም ብለው ደጅ ያድራሉ፤ አውሬ ሸቷቸው ይሆን?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ የተወራውን አላስታውስም።

ዶሮ ሲመሽ ቆጧን ከሸሸች፣ የታቀፈችውም እንቁላሏን ጥላ ከተነሳች፣ ከሽለምጥማጥ በፊት መጠርጠር ያለበት ቅንቅን ነው። ሰው ግን ዶሮዋን በቀን ይዞ፣ ላባዋን ገልጦ፣ ምንም ሲያጣ «ንጹሕ ናት» ብሎ ይለቃታል። ቀዩ ቅንቅን ቀን ዶሮ ላይ አይውልም። ቁመቱ ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ሲራብ ግራጫ፣ ደም ሲጠግብ ቀይ ነው። ሌሊት ወጥቶ ይመጥና ሳይነጋ ወደ ግድግዳው ስንጥቅ፣ ወደ ምስማር ቀዳዳ፣ ወደ ባሕር ዛፉ ቅርፊት ይመለሳል። (ቀን ከሌት ገላዋ ላይ የሚኖር ሌላ ዓይነትም አለ፤ እሱ ቂጧ አካባቢ ያለውን ላባ ያጠቁረዋል።)

ስለዚህ ፍተሻው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ነጭ ሶፍት ይዞ የቆጡን ሥር፣ በተለይ ጫፉ ግድግዳ የሚነካበትን ማሸት፤ ሶፍቱ ላይ ቀይ ጭረት ከወጣ አለ ማለት ነው። እንቁላል ቅርፊት ላይ የሚታየው ደቃቅ የደም ነጠብጣብም ብዙ ጊዜ የተጨፈለቀ ቅንቅን ነው።

ማጽዳቱ ላይ ሁሉም ይበረታል። ኩሱና ጭዱ እስከ ወለሉ ይጠረጋል፣ ይቃጠላል። ቆጡ ይነቀላል፣ ቅርፊቱ ይላጣል። ውኃው ግን እየፈላ ስንጥቁ ውስጥ መግባት አለበት፤ የሚገድለው ትኩሳቱ ስለሆነ ለብ ያለ ውኃ አጥቦ ከመተው አያልፍም። ሲደርቅ ስንጥቁ በጭቃ ይደፈናል፣ በላዩ ኖራ ይቀባል። ቆጡ ሲመለስ ግድግዳ ሳይነካ በራሱ እግሮች ይቁም፣ እግሮቹም ዘይት የተጨመረባቸው ጣሳዎች ውስጥ ይግቡ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቆጡን ሙሉ መቀባት ግን ላባውንም እንቁላሉንም ማበላሸት ነው።

የሚያሸንፈን የቀን ቆጠራው ነው። ሙቀት ሲኖር ቅንቅን ከእንቁላል ተነስቶ ራሱ እንቁላል እስኪጥል 7 ቀን ገደማ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ቀን ሥራ የሚሄደውን ቢገድል ስንጥቅ ውስጥ ያለው እንቁላል ይተርፋል። በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ካልተደገመ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ሰው «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ባሰው ይሄዳል፦ ለእህል የተገዛ ማላታይን የተባለ የተባይ መርዝ በግምት በጥብጦ ዶሮዋን ራሷን መንከር። ይህ በጣም ያሳስበኛል። በ2017 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድና ቤልጅየም ውስጥ ሚሊዮኖች እንቁላል ከገበያ የተሰበሰበው ለዚሁ ቀይ ቅንቅን ተብሎ ያልተፈቀደ ፊፕሮኒል የተባለ የተባይ መርዝ ዶሮ ቤቶች ውስጥ ስለተረጨ ነው። የእንስሳት ሐኪም ለዶሮ ያላዘዘውን ነገር እንቁላሏን ለሚበላ ልጅ ስል አልረጭም።

አመድ ይሻላል። አንድ እጅ የተነፋ አመድ፣ ሁለት እጅ ደቃቅ አፈር፣ ዝናብ የማያገኘው ጥግ ላይ፤ ዶሮዋ ራሷ ተንከባላ ትጨርሰዋለች። የረጠበ አመድ ግን አይጠቅምም።

ደግሞ ለፋሲካ ሸጦ ቤቱን ባዶ መተው አለ። «በረሃብ ያልቃል» ይባላል። ደጋ ላይ፣ በብርዱ፣ ቅንቅን ሳይመገብ ለወራት፣ እስከ 8 ወር ድረስ ሊቆይ ይችላል። ለእንቁጣጣሽ የተገዙ ቄቦች የሚገቡት እሱ ወደሚጠብቃቸው ቤት ነው።

እሺ፣ ቤቱ ጸዳ እንበል። ክዳኑ ሥር ጎጆ የሠሩት ድንቢጦችስ? እነሱም ሊያመጡት ይችላሉ። ጠርዙን በሽቦ ወንፊት መዝጋት ይቻላል፤ ወንፊቱ ግን የሚመታው እንጨት ላይ ነው፣ ያ ደግሞ አዲስ ስንጥቅና አዲስ የምስማር ቀዳዳ ነው። ብረት ይሁን? ብረቱስ የጭቃ ግድግዳ ላይ ክፍተት ሳይተው በምን ይያዛል?